ስድስት ተኩል ካሬ ሜትር፦ የፍራንክፈርቱ ማድ ቤት ለጠባብ ቤት ያስገኘውና ያስከፈለው

የጉዳዩ ምንነት

ስለ ጠባብ ቤት አያያዝ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዕቃ ነው፤ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ግዙ፣ ከአልጋው ሥር መሳቢያ አስገቡ፣ ግድግዳውን በመደርደሪያ ሸፍኑ ይባላል። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም በዚያ ቤት ውስጥ ማን፣ የት ቆሞ፣ ምን እየሠራ ሰዓቱን እንደሚያሳልፍ ሳይጠይቅ ወደ ገበያ ይልካል። ይህን ጥያቄ አስቀድሞ አንሥቶ፣ መልሱን በሜትርና በደቂቃ ለክቶ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዕቃው የሄደ ሥራ ብዙ አይገኝም። ከሚገኙት መካከል በሺዎች በሚቆጠሩ የኪራይ ቤቶች ውስጥ ተፈትኖ፣ ተከራዮቹ የወደዱትም ያማረሩበትም ነገር ለትውልድ የተረፈው፣ በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ከ1926 ጀምሮ የተሠራው ማድ ቤት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማድ ቤቱ 1.9 ሜትር ገደማ ወርድና 3.4 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ በድምሩ ስድስት ተኩል ካሬ ሜትር የማይሞላ ክፍል ነበር። የዛሬው ተገጣጣሚ ማድ ቤት አባት እየተባለ በየቦታው ይወደሳል። ውዳሴው ግን የጉዳዩን ግማሽ ብቻ ያሳያል፤ ክፍሉ ቦታን ያተረፈበት ዘዴና ነዋሪዎቹን ያስቸገረበት ምክንያት አንድና ያው ስለሆነ፣ ሁለቱን ነጣጥሎ መመልከት ለጠባብ ቤት ነዋሪ የሚጠቅም ትምህርት አይሰጥም።

የቤት እጥረቱና አሮጌው አኗኗር

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ከተሞች የነበረው የቤት እጥረት ከባድ ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ግንባታ ተቋርጦ ነበር፤ ጦርነቱን ተከትሎ የመጣው የዋጋ ግሽበት ደግሞ ቁጠባንም ብድርንም አመድ አደረገው። በ1919 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለእያንዳንዱ ጀርመናዊ ጤናማ መኖሪያ ማስገኘትን ከመንግሥት ዓላማዎች አንዱ አድርጎ ቢያሰፍርም፣ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ መገኘት የጀመረው ከ1924 ወዲህ በነባር ቤቶች ላይ በተጣለው ግብር ነው። የፍራንክፈርት ከንቲባ ሉድቪግ ላንድማን በ1925 ኤርንስት ማይ የተባሉትን አርክቴክት የከተማዋ የግንባታ ኃላፊ አድርገው ሾሙ፤ እሳቸውም እስከ 1930 በቆዩበት ጊዜ በከተማዋ ዳርቻ ከ10,000 በላይ አዳዲስ ቤቶች እንዲሠሩ አደረጉ። በጀቱ ውስን፣ ቤት ፈላጊው ብዙ ስለነበር እያንዳንዱ ቤት ትንሽ መሆኑ ግድ ነበር።

ሰዎቹ ከመጡበት ኑሮ አንጻር ሲታይ ችግሩ የወለል ማነስ ብቻ አልነበረም። በዘመኑ የሠራተኛ ቤተሰብ ኑሮ በአንድ ትልቅ ማድ ቤት ውስጥ ይጠቃለላል። ምግብ የሚበስለው፣ የሚበላው፣ ልብስ የሚታጠበው፣ ልጆች ገላቸውን የሚታጠቡት እዚያው ነበር፤ በብርድ ወራት ምድጃ የሚነድበት ብቸኛ ክፍል ስለሆነም ማታ እዚያው የሚተኛ ሰው አይጠፋም። አቅም ኖሮት ሁለተኛ ክፍል ያለው ቤተሰብ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ፣ ያንን ክፍል ምርጥ ዕቃውን ደርድሮበት ለእሑድና ለእንግዳ ዘግቶ ያስቀምጠው ነበር። ሁለቱም ክፍሎች በየራሳቸው መንገድ ይባክናሉ ማለት ነው፤ አንደኛው ሁሉ ነገር ስለሚደረግበት አንዱም ሥራ በወጉ አይከናወንበትም፣ ሌላኛው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ማንም አይገባበትም።

የፍራንክፈርት ባለሙያዎች የወሰዱት ዋና ውሳኔ እዚህ ላይ ነው፤ እንደኔ አመለካከት ከመሳቢያዎቹና ከመደርደሪያዎቹ ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው። ማብሰልን ከሌላው ኑሮ ለይተው በተቻለ መጠን ትንሽ በሆነ ክፍል ውስጥ አስገቡት። ከዚያ የተረፈውን ቦታ በሙሉ ቤተሰቡ በየቀኑ ለሚበላበት፣ ለሚቀመጥበትና ለሚያርፍበት ሳሎን ሰጡት። ማድ ቤቱ ጠበበ የሚለው ትችት ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ትችቱ የሚረሳው ግን ከማድ ቤቱ የተቀነሰችው እያንዳንዷ ካሬ ሜትር ግድግዳውን ተሻግራ ሳሎን ውስጥ መገኘቷን ነው።

ከንድፉ በፊት የመጣው ልኬት

ማድ ቤቱን የነደፉት በ1897 ቪየና የተወለዱት አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ ናቸው። በኦስትሪያ የሥነ ሕንጻ ትምህርት ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሲሆኑ፣ በቪየና ከጦርነቱ በኋላ ለቤት አልባ ሰፋሪዎች በሚሠሩ አነስተኛ ቤቶች ላይ ልምድ አካብተው ነበር። ማይ ይህን ሥራቸውን ስለሚያውቁ በ1926 ወደ ፍራንክፈርት ጠሯቸው።

በዚያን ጊዜ የፋብሪካ ሥራን እንቅስቃሴ በእንቅስቃሴ፣ ሴኮንድ በሴኮንድ እየለኩ የማደራጀት ዘዴ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ገብቶ ነበር። አሜሪካዊቷ ክሪስቲን ፍሬድሪክ ይህንኑ ዘዴ ወደ ቤት ውስጥ ሥራ አምጥታ፣ በማድ ቤት ውስጥ የሚባክነው እርምጃ ከዕቃ አቀማመጥ የሚመጣ መሆኑን አሳይታ ነበር፤ ሹተ ሊሆትስኪም ጽሑፎቿን በጀርመንኛ አንብበዋል። እሳቸውም ሰዓት ይዘው ሥራዎቹን ለኩ። ድንች ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ታጥቦ፣ እሳት ላይ እስኪጣድ ድረስ ሰው ስንት ጊዜ ይዞራል? ሳህን ከታጠበ በኋላ ተወልውሎ ቁም ሳጥን ውስጥ እስኪገባ ድረስ በእጅ ስንት ጊዜ ይነሣል? ክፍሉ ቅርጹን ያገኘው ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች መልስ ነው።

ሁለተኛው አርአያቸው የባቡር ምግብ ቤት ፉርጎ ነበር። በፉርጎው ውስጥ ያለው ማድ ቤት እጅግ ጠባብ ሆኖ ሳለ በአንድ ጉዞ ብዙ መንገደኞችን ይመግባል። የሚያስችለው ነገር ሁሉም ዕቃ እጅ በሚደርስበት ርቀት መቀመጡና አብሳዩ ከቦታው ሳይነቃነቅ በመዞር ብቻ መሥራት መቻሉ ነው። እርግጥ ነው፣ በፉርጎው ውስጥ የሚሠራው ለዚያው የተቀጠረ ሰው ነው፣ ፈረቃው ሲያበቃ ወጥቶ ይሄዳል፣ ልጅም አይከተለውም። ይህ ልዩነት በኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ክፍሉ በቅርበት

ጠባቡና ረጅሙ ክፍል በአንደኛው ጫፍ መስኮት አለው። ከመስኮቱ ሥር፣ የቀን ብርሃን በቀጥታ በሚያርፍበት ቦታ፣ የሥራ ጠረጴዛው ተዘርግቷል፤ ከፊቱ የሚሽከረከር በርጩማ አለ። መክተፍና መላጥ ተቀምጦ እንዲሠራ ታስቦ ነው የጠረጴዛው ከፍታ የተወሰነው። በጠረጴዛው ላይ ልጣጩና ፍርፋሪው በእጅ ተገፍቶ የሚገባበት ቀዳዳ ሲኖር፣ ከሥሩ ደግሞ ቆሻሻውን የሚቀበል፣ ተስቦ ወጥቶ የሚደፋ መሳቢያ ተቀምጧል። በዚህች ትንሽ ብልሃት የተነሣ ቆሻሻ ለመጣል መነሣት የለም፤ ጠረጴዛውም ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ለሚቀጥለው ሥራ ዝግጁ ነው። በጠባብ ቤት ውስጥ ባዶ የሥራ ቦታ ከሁሉም ነገር ይልቅ ቶሎ የሚጠፋ ስለሆነ፣ በእኔ ግምት ከክፍሉ ብልሃቶች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

በአንደኛው ረጅም ግድግዳ በኩል ማጠቢያው፣ ከእሱ ቀጥሎ ሳህኖች ቆመው የሚንጠፈጠፉበት የእንጨት መደርደሪያ፣ ከዚያም ቁም ሳጥኑ በተከታታይ ተሰልፈዋል። ሳህኑ ታጥቦ ይደረደራል፣ በራሱ ይደርቃል፤ በጨርቅ መወልወል የሚባለው ሥራ ከእነአካቴው ቀረ። እዚያው ግድግዳ ላይ በአንደኛው ጫፍ እጀታ፣ በሌላኛው ጫፍ ማፍሰሻ ከንፈር ያላቸው የአሉሚኒየም መሳቢያዎች ረድፍ በረድፍ ተሰክተዋል። በእያንዳንዳቸው ላይ ስኳር፣ ሩዝ፣ ምስር እየተባለ የሚይዙት ነገር ስም ተቀርጿል፤ መሳቢያውን ነቅሎ በቀጥታ ድስቱ ውስጥ ማፍሰስ ይቻላል። ዱቄት ግን ከአሉሚኒየም ወጥቶ ከኦክ እንጨት በተሠራ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ መራራ ንጥረ ነገር ዱቄቱ ትል እንዳያፈራ ይከላከላል ተብሎ ነው። ለመክተፊያው ደግሞ ቢላ የማይጎዳውና ቶሎ የማይበከለው የቢች እንጨት ተመረጠ። ቀለሙ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ዝንብ ሰማያዊ ላይ አታርፍም በሚል በወቅቱ በነበረው እምነት ምክንያት።

በፊት ለፊቱ ግድግዳ በኩል ምድጃው አለ። ከምድጃው አጠገብ ሙቀት እንዳያስወጣ ተደርጎ የተሸፈነ ሣጥን ተሠርቶለታል፤ ድስቱ እሳት ላይ ከፈላ በኋላ እዚያ ውስጥ ይገባና ከድኖ በያዘው ሙቀት ቀስ እያለ ይበስላል። ሠርታ የምታድር ሴት ጠዋት ጥዳ ወጥታ ማታ የበሰለ ምግብ እንድታገኝ ታስቦ የገባ ነው። የልብስ መተኮሻው ሰሌዳ በማጠፊያ ግድግዳው ላይ ተያይዟል፤ ሲፈለግ ይወርዳል፣ ካልተፈለገ ሽቅብ ታጥፎ ግድግዳውን ይመስላል። መብራቱም እንደዚሁ ሥራውን ይከተላል፤ ጣሪያው ላይ በተዘረጋ ሐዲድ እየተንሸራተተ ከምድጃው ወደ ማጠቢያው፣ ከማጠቢያው ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል። አንድ መብራት የሦስትን ሥራ ሠራ።

ከቁም ሳጥኖቹ ሥር ያለው መሠረት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተገንብቷል፤ ሰው ተጠግቶ ሲቆም የእግሩ ጫፍ የሚገባበት ቦታ ያገኛል፣ ወለል ሲወለወልም የሚያስቸግር ጥግ የለም። ይህቺ የጥቂት ሴንቲሜትር ክፍተት ዛሬ በየትኛውም ተገጣጣሚ ማድ ቤት ውስጥ ስላለች ልብ የሚላት የለም።

ወደ ሳሎን የሚወስደው በር ተንሸራታች ነው፤ ተከፍቶም ሆነ ተዘግቶ ወለል አይሻማም። ከምድጃው እስከ መመገቢያው ጠረጴዛ ያለው ርቀት ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። እናት በሩን ክፍት አድርጋ እየሠራች ሳሎን ውስጥ የሚጫወቱትን ልጆች ማየት እንድትችልም ታስቦ ነበር።

የቦታውና የገንዘቡ ሒሳብ

በዚያን ጊዜ ተከራይ ቁም ሳጥኑን፣ ጠረጴዛውንና መደርደሪያውን ይዞ ነበር ወደ አዲስ ቤት የሚገባው። የተለያየ መጠንና ቅርጽ ያለው የግል ዕቃ እንዲገባ ማድ ቤቱ ሰፊ መሆን ነበረበት፤ በዕቃና በዕቃ መካከል የሚቀረው ክፍተትም ለምንም አይውልም። ዕቃው ከግድግዳው ጋር አብሮ ሲነደፍ ይህ ሁሉ ባካና ቦታ ተወገደ። ክፍሎቹ በብዛት ተመርተው ተገጣጥመው ስለመጡ ዋጋቸው ረከሰ፤ ክፍሉ በማነሱ ደግሞ ከግንባታው ወጪ ተቆጠበ። የቀረው ወጪ በኪራዩ ላይ ተከፋፍሎ ተከራዩ በወር 1 ማርክ (የጀርመን ገንዘብ) ገደማ ብቻ ጨመረ። በዚህ መልክ ማድ ቤቱ ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ገባ።

ሒሳቡ ለአከራይም ለተከራይም የሚስማማ ይመስላል፤ ይሁንና አብሮ የመጣ ነገር አለ። ዕቃው የቤቱ ሆነ። ተከራዩ ከዚያ በኋላ የሚያንቀሳቅሰው፣ የሚለውጠው፣ ሲወጣም ይዞት የሚሄደው ነገር የለም፤ ቀድሞ የነበረው ትልቅ ቁም ሳጥንም የሚገባበት ቦታ አጣ። የዕቃው ችግር ከማድ ቤት አልፎ ወደ ሌሎቹ ክፍሎችም ስለተሻገረ፣ ከተማው ለትንንሽ ቤቶች የሚመጥኑ ዕቃዎችን መርጦ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ እስከማስተዋወቅ ደረሰ። ቀን ወደ ግድግዳ የሚታጠፉ አልጋዎችም በእነዚሁ ቤቶች ውስጥ አገልግለዋል።

ነዋሪዎቹ ያማረሩበት

የመጀመሪያው ቅሬታ በክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው መሥራት አለመቻሉ ነበር። ይህ ነዋሪው ካለመልመዱ የመጣ አይደለም፤ በልኬት የሚረጋገጥ ነው። ዛሬ በአሜሪካ የማድ ቤት ነዳፊዎች መመሪያ ለአንድ አብሳይ 107፣ ለሁለት አብሳዮች ደግሞ 122 ሴንቲሜትር ገደማ መተላለፊያ ይመከራል። ከፍራንክፈርቱ ክፍል 190 ሴንቲሜትር ወርድ ላይ 122ቱ ቢቀነስ፣ በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ለተሰለፈው ዕቃ ሁሉ የሚቀረው 68 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ይህንን ደግሞ ምድጃው ለብቻው ሊጨርሰው ይችላል። ሴት ልጅ እናቷን እንዳታግዝ፣ ባል ሳህን እንዳያጥብ ማንም አልከለከለም፤ ወለሉ ግን አልፈቀደም።

ሁለተኛው ቅሬታ ከልጆች ጋር የተያያዘ ነው። የአሉሚኒየም መሳቢያዎቹ ለእናት እጅ ቅርብ እንዲሆኑ ዝቅ ብለው ስለተሰኩ ለልጅ እጅም ቅርብ ሆኑ፤ ስኳሩና ሩዙ ወለል ላይ ሲደፋ ማን ያቆመዋል? መሳቢያዎቹ ሌላም ችግር ነበረባቸው። ስማቸው በብረት ላይ ተቀርጾ ስለመጣ፣ ምስር የማይበላ ቤተሰብ ምስር የሚል መሳቢያ ይዞ ይቀመጣል፤ ዘወትር የሚጠቀምበት እህል ግን ስም ያለው ቦታ የለውም። በሰዓትና በሜትር የተለካው ሥራ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ የሚኖረው ግን አማካይ ሰው አይደለም።

በብዙዎቹ ቤቶች ሰዎች ልማዳቸውን ለመመለስ ሞከሩ። ትንሽ ጠረጴዛ በግድ አስገብተው እዚያው ለመመገብ የጣሩ ነበሩ፤ ማድ ቤት የቤተሰቡ መሰብሰቢያ ሆኖ ላደገ ሰው፣ ሳሎን ሰፋልህ የሚለው ማካካሻ ቶሎ አይዋጥለትም። ሮመርሽታት በተባለው ሰፈር ደግሞ ቤቶቹ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ስለነበሩ፣ የኤሌክትሪክ ወጪው ራሱን የቻለ የቅሬታ ምንጭ ሆነ። ይህኛው የቦታ ጉዳይ አይደለም፤ ቢሆንም ጠባብ ቤት ርካሽ ኑሮ ያመጣል የሚለውን ስሌት የሚያፋልስ ስለሆነ ሊታለፍ አይገባም። በአጠቃላይ ኪራዩ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚቀመስ አልነበረም፤ ከገቡት መካከል የመንግሥትና የድርጅት ጸሐፊዎች፣ የተሻለ ደመወዝ ያላቸው ባለሙያዎች ይበዙ ነበር።

በ1970ዎቹ ከሴቶች መብት አንጻር የተነሣው ትችት ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ አየው። ማብሰል ከሳሎን ተለይቶ በአንድ ሰው ልክ በተሰፋ ክፍል ውስጥ ሲታጠር፣ አብሳይዋ ከቤተሰቧ ትገለላለች፤ ሥራውም የእሷ ብቻ መሆኑ በግንብ ይጸናል የሚል ነው። ሹተ ሊሆትስኪ ሐሳባቸው ተቃራኒ ነበር፤ የቤት ውስጥ ሥራ ካጠረ ሴቲቱ ለሙያዋና ለራሷ ጊዜ ታገኛለች ብለው ነው የሠሩት። በነገራችን ላይ እኒህ ሴት ማድ ቤቱን እስከነደፉበት ጊዜ ድረስ ራሳቸው ቤት ይዘው ምግብ አብስለው እንደማያውቁ በስተእርጅናቸው ተናግረዋል። አንዳንዶች ይህን እንደ ማላገጫ ያነሡታል። እኔ ግን የጉዳዩ ቁልፍ አድርጌ እወስደዋለሁ፤ ሥራውን ከውጭ ሆኖ የሚለካ ሰው የሚታየውን እንቅስቃሴ ሁሉ ይመዘግባል፣ የማይታየውን ግን፣ ማለትም ጎረቤት ገብቶ ቆሞ ማውራቱን፣ ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራ መሥራቱን፣ በሰዓት መቁጠሪያ አይይዘውም።

የክፍሎቹ ዕጣ

ንድፉ የተሠራው የቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን ነው፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ የሚቆምበት ቦታ አልተተወም። ማቀዝቀዣ በየቤቱ ሲገባ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ሥራ ያልተመደበላት አንድም ጥግ አልነበረችም። እያንዳንዱ ሴንቲሜትር የተያዘበት ክፍል ለዛሬው ሥራ ፍጹም ሲሆን ለነገው ሥራ ዝግ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ቤቶቹ ሲታደሱ አብዛኞቹ ማድ ቤቶች ተነቅለው ወጡ። ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ በሮመርሽታት፣ ዛሬ በኤርንስት ማይ ስም በሚጠራው ሙዚየም ቤት ውስጥ ይታያል፤ ሌላው በ2009 በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብቷል።

ከጉዳዩ ወደ ማንኛውም ጠባብ ቤት

ከዚህ ሥራ በቀጥታ የሚወሰደው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። ቤቱ የግልም ይሁን የኪራይ፣ የወለሉን ንድፍ በአንድ ወረቀት ላይ በልኩ ስሎ የአንድን ሙሉ ቀን እንቅስቃሴ በእርሳስ መስመር መከተል ገንዘብ አይጠይቅም። ብዙ መስመሮች የሚደራረቡበት ቦታ ዕቃ ሊቆምበት የማይገባ ነው፤ አንድም መስመር ያልደረሰበት ቦታ ደግሞ ምን እንደያዘ መጠየቅ ይኖርበታል። በዚህ ልኬት ላይ ግን ፍራንክፈርት ላይ የቀረውን መጨመር ያስፈልጋል፤ ሰው ቆሞ የሚያወራበትን፣ ልጅ የሚቀመጥበትን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚሠራበትን ቦታና ሰዓት አብሮ ማስፈር። እነዚህ ሥራ አይመስሉም፤ ቦታ ሲያጡ ግን ሌላው ሥራ ሁሉ ይታወካል።

ከዕቃዎቹ መካከል ተከራይ ግድግዳ ሳይነካ ሊያደርጋቸው የሚችሉ አሉ። ተቀምጦ መሥራት የሚያስችል ቁመቱ የሚስተካከል በርጩማ፣ ከማጠቢያው በላይ በራሱ እግር የሚቆም የሳህን ማንጠፍጠፊያ፣ እየተነቀለ የሚሰካ ተንቀሳቃሽ መብራት፣ በወፍራም ጨርቅና ብርድ ልብስ የተሸፈነ የድስት ማቆያ ሣጥን ሁሉም ሲወጡ አብረው የሚሄዱ ናቸው። የመጨረሻው ዛሬም ጥቅሙ አልቀነሰም፤ ምድጃው ለረጅም ሰዓት ስለማይነድ ትንሹ ክፍል በሙቀትና በእንፋሎት አይታፈንም። ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ የመተኮሻ ሰሌዳ ወይም ጠረጴዛ፣ ጣሪያ ላይ የሚገጠም ሐዲድ ግን ግድግዳና ጣሪያ መብሳት የሚጠይቅ በመሆኑ የአከራይ ፈቃድ ይሻል፤ የሚሸከመው ግድግዳ ጠንካራ መሆኑም መረጋገጥ አለበት፤ በቀጭን ቦርድ የተሠራ ማካፈያ ግድግዳ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ላይ የተደገፈን ሰው ክብደት አይችልም። ተንሸራታች በር ለባለቤት ተገቢ ወጪ ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት አንድ የተለመደ በር ከፊቱ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ወለል ነጻ እንዲሆን ስለሚያስገድድ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ድምፅና ሽታ የመከላከል አቅሙ ከተለመደው በር ያነሰ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት፤ ለመኝታ ቤት አልመክረውም።

ሊወሰድ የማይገባው ስም የተቀረጸበት መሳቢያ ነው። ስሙ ሊነሣ በሚችል ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ መደርደሪያው ከፍታው የሚለወጥ ይሁን፤ ከሚገጠመው ዕቃ ውስጥ አንድ ክፍል፣ 60 ሴንቲሜትር ስፋት ያህል፣ ለምንም ሳይመደብ ይቅር። ቦታ እያጠረው ያለ ሰው ባዶ ቦታ ተው ሲባል እንደ ቅንጦት ሊያየው ይችላል። ፍራንክፈርት ላይ ማቀዝቀዣው ሲመጣ የጎደለው ግን ያ 60 ሴንቲሜትር ነው።

ለተከራይ የሚቀረው የውሉ ጉዳይ ነው። ከቤቱ ጋር ተገጥሞ የመጣ ዕቃ ሲበላሽ ማን ያድሳል፣ ተከራዩ በራሱ ወጪ የሚገጥመው ሲወጣ ይነቀላል ወይስ ለቤቱ ይቀራል፣ ከቀረ ከኪራዩ ይታሰብለታል ወይ፣ የተበሳው ግድግዳ በማን ወጪ ይደፈናል? እነዚህ ነገሮች ዕቃው ከመገዛቱ በፊት በጽሑፍ መስፈር አለባቸው። የፍራንክፈርት ተከራዮች በወር በ1 ማርክ ጭማሪ የተሟላ ማድ ቤት ቢያገኙም፣ የማይስማማቸውን መሳቢያ በሌላ ለመተካት መብት የሚሰጥ ነገር በእጃቸው አልነበረም።